ለተከላካይዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

የቅርጫት ኳስ ቡድን ቋሚ ተሰላፊ የሚመረጠው በሽማግሌ ነው ብዬ አምን ነበር። ያመንኩት ደግሞ ለአንድ ክረምት ብቻ አይደለም፤ አድጌ፣ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ በተራዬ ለእኔም ሽማግሌ እስከተላከበት ቀን ድረስ ነው። ያን ዕለት ጋቢ የለበሱ ሰዎች በራችን ላይ ቆመው አንቀመጥም ሲሉ በመጋረጃው ጫፍ አይቼ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እኔ እኮ ኳስ አልጫወትም» የሚል ነበር። ይህን ለእህቴ ለአልፊያ ስነግራት ከሳቋ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠች። እስከ ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ታወራዋለች፤ ግን የምታወራው መጨረሻውን ብቻ ነው። መጀመሪያውን የማውቀው እኔ ነኝና እኔው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ኮልፌ ግማሹ ከተማ ግማሹ ገጠር ነበር፤ ከጦር ኃይሎች ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ ባሕር ዛፍ የጫኑ አህዮች የሚጋፉበት፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው የሰው ጫማ የሚያስቀርበት ነበር። አባቴ አቶ ሽኩር ገበያው ዳር ምስማር፣ ባልዲና ፋኖስ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ዝምተኛ ሰው ነው። ደንበኛ ሲነታረከው እንኳ አንድ ቃል ሳይመልስ ምስማሩን መመዘኑን ይቀጥላል። ከሱቁ ጎን አቶ ገብረወልድ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በሁለቱም ፈንታ ይናገራሉ።

አልፊያ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ የትምህርት ቤታችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ትጫወታለች። እናቴ ለልምምድ የምትለቃት እኔ አብሬያት ከሄድኩ ብቻ ነው። በሰፈራችን ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለ አጃቢ አትወጣም፤ አጃቢዋ የስምንት ዓመት ልጅ ብትሆንም ግድ የለም፣ ዋናው ነገር አፍ ያላት መሆኑ ነው። አፍ ደግሞ በደንብ ነበረኝ። እናቴ ማታ ማታ «ምን አደረጉ?» ስትለኝ ማን ለማን ኳስ እንዳቀበለ፣ ማን እንደወደቀ፣ ማን በወደቀው እንደሳቀ አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ። እናቴ የምትጠይቀኝ ስለ ወንዶች እንደነበር የገባኝ እኔም ሴት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ሜዳው አፈር ነው፤ መስመሩ በኖራ ይሰመራል። ቀለበቶቹን ቀጥቃጭ ከበርሜል ብረት የሠራቸው ስለነበሩ አንደኛው ትንሽ ወደ መንገዱ ያዘነብላል። የቡድኑ ልጆች ቁምጣ ሲለብሱ አልፊያ እናቴ የሰፋችላትን ጥቁር ሱሪ ከቁምጣው ሥር ታደርጋለች፤ ሻሿንም ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። አሠልጣኙ የስፖርት መምህራችን ወልደ አማኑኤል ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊሽካ ከአንገታቸው የማይለይ ሰው ናቸው፤ ጭንቀታቸውን በፊሽካው ማኘክ ይወጡታል።

የዚያን ሰሞን ፊሽካቸውን ሊውጡት ምንም አልቀራቸውም። ከመሀል ከተማ ከሚመጣ ትምህርት ቤት ጋር የዋንጫ ጨዋታ ቅዳሜ አለብን። ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች አራቱ የታወቁ ናቸው። ለአምስተኛዋ ቦታ ግን ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ የአቶ ገብረወልድ ልጅ ሰብሌ ናት፤ ከየትም ሆና ብትወረውር ታስቆጥራለች፣ ያዘነበለውንም ቀለበት ጠባዩን ታውቀዋለች። ኳስ ስትነጠቅ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ቆማ ታያለች። ሁለተኛዋ አልፊያ ናት። አልፊያ ማስቆጠር የሚባል ነገር አታውቅም። ኳስ እጇ ሲገባ እንደ ጋለ ድስት ቶሎ ለሌላ ታቀብላለች። ያዣት የተባለችውን ልጅ ግን እንደ ጭጎጎት ተጣብቃ አትለቅም።

አጥቂ ይግባ ወይስ ተከላካይ? ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። «ሳናስቆጥር እንዴት እናሸንፋለን?» ይላሉ የሰብሌ ወገኖች። «ያቺን ረጅሟን ማን ይይዛታል?» ይላሉ የእኛዎቹ። ረጅሟ የምንላት የመሀል ከተማዋ አጥቂ ናት፤ ቀለበቱ ሥር ከደረሰች ሳትዘል ታስቀምጠዋለች ይባል ነበር። መምህር ወልደ አማኑኤል በእንጨት መሬቱ ላይ ክብና መስመር ይሥላሉ፣ መልሰው በጫማቸው ያጠፉታል። አንድ ቀን ልጆቹ እንደ ንብ ከበው ሲጮሁባቸው መረራቸውና፣

«በቃ፣» አሉ። «ከእንግዲህ የማንንም ወሬ አልሰማም። ልስማ ካልኩም ሽማግሌ ይላክብኝ። ጋቢ ለብሶ፣ በሬ ላይ ቆሞ፣ ጉዳዬን ሳትሰማ አልቀመጥም የሚል ሽማግሌ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ለእኔ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤ በሰፈራችን ምን ነገር ያለ ሽማግሌ ሲያልቅ አይቼ አውቃለሁ? በዚያው ወር እንኳን አባቴና አቶ ገብረወልድ በሱቆቻቸው መካከል ባለው የዝናብ ውኃ መውረጃ ተኳርፈው ያስታረቋቸው ሐጂ አብደላ ነበሩ። ሐጂ የሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ በተጠሩበት ይቆማሉ። ስለዚህ ነገሩ በሽማግሌ እንደሚያልቅ ገባኝና ልቤ አረፈ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጡ።

ሦስት ናቸው፤ ሐጂ አብደላ ከፊት፣ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ከኋላ። አባቴ ከሱቅ ገና መግባቱ ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ፣ አረፍ በሉ፣» አለ።

«ማረፉ ይደርሳል፣» አሉ ሐጂ። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ። መምህራችን ያሉት ቃል በቃል እኮ ነው። ጋቢ ለብሰዋል፣ በር ላይ ቆመዋል፣ አልቀመጥም ብለዋል። መምህር ወልደ አማኑኤል ሽማግሌ እስኪመጣባቸው አልጠበቁም፤ እሳቸው ቀድመው ወደ እኛ ልከዋል ማለት ነው። እናቴ ከጓዳ ሰሃን ስታጥብ እየተንኳኳብኝ ግማሹን ነው የሰማሁት። «አልፊያን ስጠን» ሲሉ ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁ። «ሌላም ዓይኑን የጣለ አይጠፋም፤ እኛ እንቅደም ብለን ነው» አሉ። ይህ የመሀል ከተማው ቡድን ሊወስድብን ነው ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ልጅቷ እኮ ትምህርት ላይ ናት፣» አለ አባቴ።

«ትምህርቱማ ይቀራል፣» አሉ ከኋላ ከቆሙት አንዱ።

እሰይ አልኩ በልቤ። በጨዋታው ቀን ትምህርት የለም።

አባቴ የሱቅ ካፖርቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ። ከዚያ «ቤተሰብ ላማክር። እሁድ ተመለሱ» አላቸው። ሰዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ።

እኔ ግን ተናደድኩ። ጨዋታው ቅዳሜ ነው፤ መልሱ ለእሁድ ተቀጠረ። ምስማር በሚዛን የሚሸጥ ሰው ቅዳሜ ከእሁድ እንደሚቀድም አያውቅም እንዴ? ወደ ማድ ቤት ስሮጥ አልፊያ ሽንኩርት ሳትከትፍ ታለቅሳለች። እሷም ይኸው የቀኑ ነገር እንደሆነ ጠረጠርኩና አጠገቧ ተቀምጬ «አይዞሽ፣ አባዬ እሺ ማለቱ አይቀርም» አልኳት። ለቅሶዋ ባሰ። «እናታችንም እኮ ደስ ብሏታል» ብዬ ጨመርኩ። በዚህ ጊዜ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። እንዲህ ኳስ ትወዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ነበር። ልጁ መጥፎ ሰው እንዳልነበር አልፊያ ራሷ ትመሰክራለች። ችግሩ ከሠርጉ በኋላ ደብተር የሚባል ነገር እንደማይኖር እሷም ታውቃለች፣ አባቴም ያውቃል። አባቴ ደግሞ አልፊያን የሚያውቃት ጠዋት ስትወጣና ማታ ሳህን ስታቀርብለት ብቻ ነው፤ ምን አይቶ እምቢ ይበል?

እኔ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ቅዳሜ መቅረቡን ነው። በማግስቱ መምህር ወልደ አማኑኤልን ሜዳው ጥግ ኳስ ሲነፉ አገኘኋቸው።

«ቲቸር፣ አባዬ መልሱን ለእሁድ ቀጥሯል፣» አልኳቸው። «ግን እሺ ይላል። አልፊያን ዝም ብለው ያስገቧት።»

«የምን መልስ ነው ሰብሪያ?»

«የሽማግሌዎቹ። እርስዎ የላኳቸው።»

መንፊያውን አስቀመጡት። «ማን ማን መጡ?»

«ሐጂ አብደላና ሁለት ሰዎች። አልፊያን ስጠን አሉ። ትምህርቱ ይቀራል አሉ። አልተቀመጡም።»

መምህሩ ግማሽ በተነፋው ኳስ ላይ ቁጭ አሉ። ፊሽካቸውን ወደ አፋቸው አስገቡና ሳይነፉ አወጡት። «አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ» አሉኝ፤ ጉብዝናዬን እኔም አውቀው ስለነበር አልተገረምኩም። ከዚያ ቀለበቱ ሥር ብቻዋን ስትወረውር የነበረችውን ሰብሌን ጠሩና በሹክሹክታ ብዙ አወሩ። ሰብሌ ኳሷን አንዴ በኃይል መሬት አነጠረችና እየተንደረደረች ከግቢው ወጣች። ከቋሚ ተሰላፊነት ወጥታ ተናዳ ነው አልኩ። አንጀቴን በላችኝ፤ ግን ብዙም አይደለም።

ሰብሌ አሁን የልጅ ልጅ አላት፤ አየር ጤና አቅራቢያ ትኖራለች፣ አሁንም ከየትም ሆና ብትወረውር የምታስቆጥር ይመስለኛል። ያን ቀን የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። መምህር ወልደ አማኑኤል በዚያው ዕለት ጠዋት ወስነው ጨርሰው ነበር። የመረጡት አጥቂ ነበር፤ የመረጡት እሷን ነበር። የእኔን ወሬ ሲነግሯት «አልፊያ ትግባ» ያለችው ራሷ ናት። «አባቷን ጨዋታው ላይ እናምጣው፤ መጥቶ ቁጭ ብላ ካገኛት ምን ብሎ ይመልሳቸዋል? ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ይያት» አለቻቸው። እየተንደረደረች የወጣችው ወደ አባቷ ሱቅ ነው።

አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በራችን ላይ እንደገና ሦስት ሰዎች ቆሙ። ሐጂ አብደላ ከፊት፤ ከኋላቸው አቶ ገብረወልድና መምህር ወልደ አማኑኤል። መምህሩ የተዋሱት ጋቢ አጥሯቸው ጉልበታቸው ላይ ቀርቷል።

አባቴ ግራ ገባው። «ሐጂ፣ እሁድ አልተባባልንም እንዴ?»

«ያኛው እሁድ ነው፣» አሉ ሐጂ። «ይኼኛው ሌላ ነው።»

«ሌላው ደግሞ ማነው?»

«ቡድኑ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ለእኔም በደንብ አልገባኝም። ና ቁምልን አሉኝ፣ ቆምኩ።»

አቶ ገብረወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽኩር፣ ነገ ጨዋታ አለ። ቦታው የእኔ ልጅ ነበር። እሷው ናት ለአልፊያ ለቅቃ፣ ሄደህ አባቷን ለምን ብላ የላከችኝ። መጥተህ እይ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እይ። ከዚያ እሁድ ለሚመጡት የፈለግከውን መልስ። እስከዚያ እኛም አንቀመጥም።»

«እዚያ ሄዳ የምትሠራው ምንድን ነው ለመሆኑ?» አለ አባቴ።

«ትከላከላለች፣» አሉ መምህሩ። «ኳስ ይዞ የሚመጣውን አላሳልፍም ትላለች።»

«አልፊያ?» አባቴ ፈገግ አለ። «ዶሮ እንኳን እሽ ብላ አታውቅም እኮ።»

«እንግዲህ ይምጡና ይዩ።»

አባቴ ሦስቱንም አንድ በአንድ አያቸው፤ የመምህሩ ጋቢ ላይ ሲደርስ ሳቁ አመለጠው። «እሺ፣ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ። ተቀመጡ በቃ» አለ። ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ማን ያዘኝ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል ማለት እንደሆነ ኮልፌ ውስጥ ሕፃን ያውቃል። በየበሩ እየሮጥኩ «አባዬ እሺ አለ፣ አልፊያን ሰጠ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል» ብዬ ለሰፈሩ አዳረስኩ። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤቶቻችን እልል እያሉ ግቢያችን ገቡ። እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጥታ «የምን እልልታ ነው?» ስትል «ደብቀሽን እኮ ነው» ብለው ተቆጧት። በማግሥቱ በሜዳው ዙሪያ ያን ሁሉ ሰው ሳይ ለኳሱ የመጣ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። ግማሹ የመጣው ሙሽራውን ለማየት ነው። እናቴ እንደምትለው አንዳንዶቹ መምህር ወልደ አማኑኤልን ሲያዩ «ምነው ከሳ?» ብለዋል።

አባቴ የሱቅ ካፖርቱን እንደለበሰ መጣ። ከሐጂና ከአቶ ገብረወልድ መሀል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ እግሩ ሥር። ፊሽካው ተነፋ። አልፊያ ሜዳ ውስጥ ናት፣ ሰብሌ ተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ። ረጅሟ እውነትም ረጅም ነበረች፤ አልፊያ ደረቷ ላይ ብትደርስ ነው።

«ለምን አትወረውርም?» አለ አባቴ ትንሽ ቆይቶ። አፍሯል። «ሁሉም እኮ ይወረውራል።»

«እሷን አትይ፣ ያቺን ረጅሟን እያት፣» አሉት አቶ ገብረወልድ።

አባቴ ረጅሟን ማየት ጀመረ። ረጅሟ ኳሷን እያነጠረች ወደ ግራ ሄደች፤ አልፊያ ፊቷ ናት። ወደ ቀኝ ዞረች፤ አልፊያ ፊቷ ናት። ቆማ አሰበች፤ አልፊያ እጇን ዘርግታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ፊቷ ናት። አንዴ ተጋጭተው አልፊያ በጀርባዋ ወደቀችና እናቴ ከሴቶቹ መሀል ጮኸች። አልፊያ ግን አቧራዋን ሳታራግፍ ተነስታ እንደገና ፊቷ ቆመች። ረጅሟ በንዴት ኳሷን ለሌላ ወረወረች። በቤታችን ውስጥ አንገቷን ደፍታ የምትሄደው እህቴ፣ ለአንድም ቀን እምቢ ስትል ሰምቼ የማላውቃት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በመላ አካሏ እምቢ ትል ነበር።

አባቴ ቀስ እያለ ከወንበሩ ተነሳ። «አትለቃትም እኮ» አለ ለማንም ሳይሆን። ትንሽ ቆይቶ «አትለቃትም!» አለ። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ለሐጂ አስያዘና መስመሩ ዳር እየሮጠ «ግራ! በግራ መጣችብሽ!» ማለት ጀመረ። ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ምስማር ሲመዝን ኖሮ ያጠራቀመው ይመስለኛል። አልፊያ ድምፁን ሰምታ አንዴ ብቻ ዞር አለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጓ ቀን እንኳን አላየሁትም።

ሲያልቅ አባቴ እኔን ትከሻው ላይ ሰቅሎ፣ አልፊያን በእጇ ይዞ፣ እየዘፈነ ወደ ቤት ወሰደን። ድሉን ለብዙ ዓመታት በኩራት አውርቻለሁ። በቅርቡ አልፊያ ቤት ስንሰበሰብ ይህንኑ ሳወራ ሰብሌ አፏ ላይ የደረሰውን ጉርሻ መለሰችው።

«የምን ድል?» አለች። «በአንድ ቅርጫት ተሸንፈን ነው እኮ።»

አልፊያም አረጋገጠችልኝ። ረጅሟን ጭጭ ብናሰኛትም የእኛ ልጆች ማስቆጠር አቅቷቸው ነበር። ሰብሌ ዘግይታ ነው የገባችው። «ከመጀመሪያው ብገባ እኮ እናሸንፍ ነበር፣» አለች ሰብሌ እየሳቀች። «ወልደ አማኑኤልም ያውቁት ነበር።» አባቴ ሲጨፍር ስላየሁ ነው ያሸነፍን የመሰለኝ። እሱ ራሱስ ውጤቱን ጠይቆ ያውቃል ብላችሁ ነው?

እሁድ የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ተመለሱ። እንደገና ሐጂ አብደላ፣ እንደገና እነዚያ ሁለት ሰዎች፣ እንደገና በር ላይ። አልፊያ መጋረጃው ጀርባ አጠገቤ ቆማለች፤ እጄን ጨብጣ አጥንቴ እስኪጮህ ታጠብቀዋለች።

«ለመልሱ መጥተናል፣» አሉ ሐጂ።

«አክብራችሁ መጥታችኋል፣» አለ አባቴ። «ልጄ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ከዚያም በኋላ ጥያቄ ያለው ሰው እኔን ሳይሆን እሷን ነው የሚጠይቀው። እምቢ ካለች ደግሞ ማንም እንደማያልፋት ትናንት ቆሜ አይቻለሁ።»

የአልፊያ እጅ ላላ። ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ደፋችና ድምፅ ሳታሰማ ሳቀች፣ ወይም አለቀሰች፤ ትከሻዬ ረጥቦ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። እምቢ የተባለ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ነው የሚመለሰው። ሐጂ አብደላ ግን ቀስ ብለው ገቡ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እኔም አይቻለሁ፣ እውነት ነው፣» አሉ። «እስቲ ልጠይቅህ ሽኩር። ያቺ ረጅሟ ልጅ የማን ልጅ ናት?»

ለሚመጣው ዓመት ቡድናችን አጥቂ እየፈለጉልን መስሎኝ፣ ሐጂን የዚያን ቀን እንደወደድኳቸው ማንንም ወድጄ አላውቅም።